ፈቃዳችንን ለእግዚአብሔር ማስረከብ በዕለት ኑሮ እንዴት ይለመዳል?

«ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች እንዲሁም በምድር ትሁን» የሚለውን ቃል አብዛኞቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ በቃላችን እናውቀዋለን፤ ጠዋትና ማታም እንደግመዋለን። ችግሩ የሚጀምረው ከጸሎቱ ስንነሣ ነው። የቤት ኪራይ በድንገት ሲጨመር፣ ለወራት ስንጠብቀው የቆየነው ጉዳይ ሳይሳካ ሲቀር፣ ደክመን ያሳደግነው ልጅ ከምክራችን ውጭ ሲሄድ፣ በአፋችን ያስረከብነውን ፈቃድ በልባችን አጥብቀን እንደያዝነው እንገነዘባለን። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ሥራና ቤተሰብ ላላቸው፣ እግዚአብሔርን ለመውደድ ከልባቸው ለሚሹ፣ ነገር ግን ይህ ፍቅር ከቤተክርስቲያን ደጅ ውጭ ምን መልክ ሊኖረው እንደሚገባ ለሚጠይቁ ካቶሊካውያን ምእመናን ነው።

አስቀድሞ ስለ ፍቅር ምንነት አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ፍቅር ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ «ጌታ አምላክህን በፍጹም ልብህ ውደድ» የሚል ትእዛዝ ሊሰጠን ባልተገባ ነበር፤ ስሜት በትእዛዝ አይመጣምና። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ መውደድ ማለት ለሌላው መልካሙን መፈለግ እንደ ሆነ አስተምሯል፤ በ1992 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ይህንኑ ይደግማል። የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ በበኩሉ ፍቅር ከቃል ይልቅ በሥራ ሊገለጥ እንደሚገባ ይናገራል። ስለዚህ በጸሎት ጊዜ ልብዎ ደረቅ ሆኖ ቢያገኙት፣ እንባም ሙቀትም ባይኖርዎት፣ እግዚአብሔርን አልወደውም ብለው ለመደምደም አይቸኩሉ። ይልቁንም ዛሬ ለእርሱ ብዬ ምን ልሰጥ እችላለሁ ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

የሚደረገውንና የሚተወውን መለየት

በእኔ እምነት ብዙ ቅን ምእመናን ራስን መስጠትን በተግባር ለመኖር የሚቸገሩት፣ እጅ አጣጥፎ ከመቀመጥ ጋር ስለሚያምታቱት ነው። በዚህ ረገድ የጄኔቫ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ፍራንሲስ ዘሳለስ (1567–1622) ያስተማረው ልዩነት እጅግ ይጠቅማል። እንደ እርሱ ትምህርት የእግዚአብሔር ፈቃድ በሁለት መንገድ ወደ እኛ ይመጣል። አንደኛው አስቀድሞ የተነገረን ፈቃድ ነው፤ ይኸውም ዐሥርቱ ትእዛዛት፣ ወንጌል፣ የቤተክርስቲያን ትምህርት፣ እንዲሁም በተጠራንበት ኑሮ ያለብን ግዴታ ነው። ይህን ፈቃድ መፈጸም የእኛ ፈንታ ነው፤ ሠርተን እንታዘዘዋለን። ሁለተኛው በሚደርሱብን ነገሮች የሚገለጥ ፈቃድ ሲሆን በሽታና ጤና፣ ማግኘትና ማጣት፣ የሰው መምጣትና መሄድ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ይህን አስቀድመን ልናውቀው አንችልም፤ በእምነት እንቀበለዋለን።

ይህን ልዩነት ተግባራዊ ለማድረግ ቀላል ልምምድ አለ። በአሁኑ ጊዜ እንቅልፍ የሚነሳዎትን አንድ ጉዳይ ይውሰዱና በወረቀት ላይ በሁለት ይክፈሉት። በአንድ በኩል የእርስዎ ግዴታ የሆነውን ይጻፉ፤ ለምሳሌ የታመመ ሰው ከሆኑ ሐኪም ዘንድ መሄድ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ፣ ለቤተሰብ እውነቱን መንገር፣ ምስጢረ ቀንዲልን ለመቀበል ካህን መጥራት። በሌላው በኩል በእጅዎ የሌለውን ይጻፉ፤ መድኃኒቱ ይሠራ ወይም አይሠራ እንደ ሆነ፣ ሕመሙ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ሰዎች እንዴት እንደሚያዩዎት። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ክፍል የዛሬ ሥራዎ አድርገው ይያዙት፤ ሁለተኛውን ክፍል ግን አንድ በአንድ እያነበቡ «አባት ሆይ፣ ይህን ለአንተ እተወዋለሁ» ይበሉ። ጭንቀቱ ወዲያው ላይጠፋ ይችላል፤ ቢሆንም ጭንቀቱ ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል፤ ልንሠራው የሚገባንን እንዳንሠራም አያግደንም።

ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ይዞ የመጀመሪያውን መጣል ከባድ ስሕተት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሚጌል ደ ሞሊኖስ የሚባል ስፔናዊ ካህን፣ ነፍስ ፍጹም ዝም ብላ ምንም ሳትሻና ሳትታገል መቆየት አለባት የሚል ትምህርት አስፋፍቶ ነበር፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 11ኛም በ1687 ዓ.ም. ከእርሱ ትምህርት 68 ዓረፍተ ነገሮችን አውግዘዋል። ቤተክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ጠንካራ አቋም የወሰደችው፣ ፈቃዱን ለእግዚአብሔር የሚሰጥ ሰው ፈቃድ አልባ ሆኖ እንደማይቀር ስለምታውቅ ነው። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ «ብትፈቅድ ይህችን ጽዋ ከእኔ ውሰድ» ብሎ በግልጽ ለምኗል፤ «የእኔ ፈቃድ አይሁን የአንተ እንጂ» ያለው ከለመነ በኋላ ነው። ስለዚህ የሚፈልጉትን ነገር ሳያፍሩ በስሙ ጠርተው ይለምኑ። ያልተጠየቀ ልመና በውስጥ ሆኖ ቂም ይሆናል፤ በአፍ «ይሁን» እያልን በልብ እግዚአብሔርን እንከስሰዋለን።

የጠዋቱ ስጦታ

ቀኑን ማስረከብ የሚቻለው ቀኑን ሌሎች ከመውሰዳቸው በፊት ነው። ስለዚህ ስልክ ከመክፈትዎ፣ መልእክትና ዜና ከማየትዎ በፊት ጥቂት ደቂቃ ለእግዚአብሔር ይለዩ። የመስቀል ምልክት አድርገው አቡነ ዘበሰማያት ይድገሙ፤ ቀጥለውም የዕለቱን ሥራ፣ ድካም፣ ደስታና መከራ በኢየሱስ ልብ በኩል ለእግዚአብሔር ያቅርቡ። ይህ የጠዋት ስጦታ በ1844 ዓ.ም. በፈረንሳይ፣ ቫል በሚባል ቦታ በሚማሩ ወጣት ኢየሱሳውያን መካከል ከተጀመረው፣ የጸሎት ሐዋርያነት ከሚባለው የጸሎት ኅብረት ጋር በዓለም ሁሉ ተስፋፍቷል። ወጣቶቹ ወደ ሩቅ የወንጌል አገር ለመሄድ እየጓጉ በትምህርታቸው ላይ ሐሳባቸው ይበተን ነበር፤ መንፈሳዊ አባታቸው ፍራንሷ ዣቪየ ጎትረሌ ግን የዕለት ትምህርታቸውንና ድካማቸውን ለወንጌል ሥራ መሥዋዕት አድርገው እንዲያቀርቡ መከራቸው። ይህ ምክር ሌላ ቦታ ብሆን፣ ሌላ ሥራ ቢኖረኝ እግዚአብሔርን በደንብ አገለግለው ነበር እያለ ለሚያስብ ሰው ሁሉ ይሠራል።

በዚህ ጸሎት ውስጥ አንድ ነገር እንዳይቀር አደራ እላለሁ፤ ስጦታው ስም ያለው ይሁን። «ሁሉን ሰጠሁህ» ማለት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁሉን የሚለው ቃል ምንም ሳንሰጥ ሊታለፍ ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ ዛሬ የምፈራውን አንድ ነገር፣ ዛሬ የምገናኘውንና የሚከብደኝን አንድ ሰው፣ ዛሬ እንዳይነካብኝ የምሳሳለትን አንድ ነገር እያሉ ያቅርቡ። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ሥራ ወይም መልካም ስም ሊሆን ይችላል። ለጸሎቱ የተለየ አጻጻፍ አያስፈልገውም፤ ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «አባት ሆይ፣ ይህ ቀን የአንተ ነው። ከጠዋቱ ስብሰባ ያለብኝን ፍርሃት ተቀበል። ትናንት ካስቀየመኝ ሰው ጋር ስገናኝ የምናገረውን ቃል አንተ ጠብቅ። ልጄን ከእኔ ይልቅ አንተ ትወዳታለህና በአንተ እጅ አኖራታለሁ። እንደ እመቤታችን እንደ ቃልህ ይሁንልኝ እንድል እርዳኝ።»

እሑድ ይህ ስጦታ ቦታውን ያገኛል። በግዕዝ ሥርዓትም ይሁን በላቲን ሥርዓት ሲያስቀድሱ፣ ኅብስቱና ወይኑ ሲቀርብ የሳምንቱን የተሰየሙ ስጦታዎች በሐሳብዎ ከመሠዊያው ላይ ያኑሩ። ብቻችንን የምናቀርበው ነገር ትንሽና የተበላሸ ነው፤ ክርስቶስ ለአብ ካቀረበው መሥዋዕት ጋር ሲዋሐድ ግን ከእርሱ ጋር ይቀርባል። የራሳችን ጥረት ሁሉ የሚደገፈው በዚህ ላይ ስለሆነ፣ ቅዳሴን ትቶ በግል ጸሎት ብቻ ራሴን እሰጣለሁ የሚል ሰው መሠረቱን ትቶ ይገነባል ብዬ አምናለሁ።

በሥራ ሰዓት

የሕፃን ኢየሱስ ቅድስት ቴሬዛ በ15 ዓመቷ በፈረንሳይ ሊዝዩ ወደሚገኘው የቀርሜሎስ ገዳም ገብታ በ1897 ዓ.ም. በ24 ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ ዐረፈች። በሕይወቷ ታላቅ የሚባል ሥራ አልሠራችም፤ ሆኖም በ1997 ዓ.ም. የቤተክርስቲያን ሊቅ ተብላ ታውጃለች። ያስተማረችን ነገር የሚታየው በትንንሽ ነገሮች ነው። በልብስ አጠባ ጊዜ ፊት ለፊቷ የነበረች እኅት ቆሻሻውን ውኃ ፊቷ ላይ ትረጭባት ነበር፤ ቴሬዛም ፊቷን መጥረግና መቆጣት ሲያምራት፣ ያን ርጭት እንደ ስጦታ ተቀበለች። በጠባይዋ ሁሉ ለምታስከፋት ለሌላ እኅት ደግሞ ትጸልይላት፣ ስታገኛትም ፈገግ ትልላት ነበር፤ ያቺ እኅት በመጨረሻ ለምን እንዲህ እንደምትወዳት እስክትጠይቃት ድረስ።

ይህን በራስዎ ኑሮ ለመጀመር ከሚያስቆጡዎት ትንንሽ ነገሮች መካከል አንዱን ብቻ ይምረጡና ለአንድ ሳምንት ያን ይያዙ። ታክሲ ሰልፍ ላይ መጠበቅ ሊሆን ይችላል፤ የሥራ ባልደረባ የሚያሰማው ማጉረምረም ወይም ሲያወሩ የሚያቋርጥዎት ዘመድ ሊሆን ይችላል። ያ ነገር ሲደርስ በልብዎ «ጌታ ሆይ፣ ስለ አንተ» ይበሉና ቀጥሎ ያለብዎትን ሥራ በጥንቃቄ ይሥሩ። ከአንድ በላይ መጀመር አይመከርም፤ ሁሉን በአንድ ቀን ሊያስተካክል የተነሣ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቻል።

ለዚህ አጫጭር ጸሎቶች ትልቅ እገዛ ናቸው። በቅዳሴ የምንደጋግመው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚለው በእጃችን ያለ ሀብት ነው፤ «ኢየሱስ ሆይ፣ በአንተ እታመናለሁ» የሚለውም ከፖላንዳዊቷ መነኩሲት ከቅድስት ፋውስቲና ጀምሮ በብዙዎች ዘንድ ተለምዷል። ጸሎቱን በየቀኑ ከሚደጋገም ሥራ ጋር ያያይዙት፤ ኮምፒውተር ሲከፍቱ፣ ቡና ሲቆሉ፣ ደረጃ ሲወጡ። በ1691 ዓ.ም. ያረፈው ቀርሜሎሳዊው ወንድም ሎረንስ በፓሪስ ገዳም ወጥ ቤት ለብዙ ዓመታት ሲሠራ፣ በድስቶችና በሳህኖች መካከል ሆኖ በጸሎት ሰዓት ካለው ባልተናነሰ ሁኔታ ከእግዚአብሔር ጋር ይኖር እንደ ነበር መስክሯል። የእርሱ መንገድ ሥራውን ለእግዚአብሔር ፍቅር ብሎ መሥራት፣ ሲዘናጋም ሳይረበሽ ወደ እርሱ መመለስ ብቻ ነበር።

መከራ ሲመጣ

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለቅሶ ቤት ገብተን ለሐዘንተኛ ወዲያው «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ማለት ይቀናናል። ቃሉ እውነት ቢኖረውም ከሌላ ሰው አፍ ሲመጣ ልብን የሚያቆስልበት ጊዜ አለ፤ ራስን መስጠት ሰው ስለ ራሱ መከራ የሚናገረው እንጂ በሌላው ላይ የሚጭነው አይደለም። ኢዮብ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሣ» ያለው ስለ ራሱ ልጆች ነው፤ ከዚያም በኋላ በብዙ ምዕራፎች አምርሮ ጮኋል፤ እግዚአብሔርም በመጨረሻ ስለ እኔ ቅን ነገር ተናገረ ብሎ የመሰከረለት ለኢዮብ እንጂ ለሚመክሩት ወዳጆቹ አልነበረም። ስለዚህ በሐዘንዎ ጊዜ ማልቀስም መጠየቅም አይከልከልዎ። መዝሙረ ዳዊትን ይያዙ፤ ቃል ሲያጡ ዳዊት ያለቀሰበትን ቃል ይዋሱ። ልቅሶና መታመን በአንድ ጸሎት ውስጥ አብረው ይቆማሉ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ ግፍ ነው። የቤተክርስቲያን ትምህርት እንደሚለው እግዚአብሔር በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የኃጢአት ምክንያት አይደለም፤ ነጻነታችንን አክብሮ ይፈቅደዋል፣ ከክፉውም መልካም ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ በቤቷ የምትደበደብ ሚስት፣ ደመወዟ ተከልክሎ ፓስፖርቷ የተያዘባት ሠራተኛ፣ ራሷን ለእግዚአብሔር ትስጥ ዘንድ ዝም እንድትል የሚነግራት ሰው ወንጌልን አጣምሟል። እርዳታ መፈለግ፣ ከአደጋ መውጣት፣ መብትን መጠየቅ በመጀመሪያው ክፍል፣ ማለትም ልናደርገው በሚገባን ፈቃድ ውስጥ ይገባል። ለእግዚአብሔር የሚተወው ጥላቻው፣ በቀሉና የነገው ፍርሃት ነው።

በቤሩት ወይም በባሕረ ሰላጤ አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን በዚህ ላይ ሌላ ሸክም አለባቸው፤ ብዙዎቹ እሑድ መውጣት አይፈቀድላቸውም፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ በይፋ የሚቀደስበት ቤተክርስቲያን የለም። ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ማስቀደስ ያልቻለ ምእመን ኃጢአት እንደማይሆንበት ቤተክርስቲያን ታስተምራለችና ይህ ሕሊናን ሊያስጨንቅ አይገባም። በዚያ ሰዓት የዕለቱን ወንጌል በስልክ ማንበብ፣ ከዚያም ቅዱስ ቁርባንን ለመቀበል ያለውን ናፍቆት በጸሎት ለኢየሱስ መግለጽ ይቻላል፤ ቤተክርስቲያን ይህን መንፈሳዊ ቁርባን ትለዋለች። ቅዳሴን የተራበ ሰው ያን ረሀብ ራሱን ሊያቀርበው ይችላል።

በአገራችን ካቶሊካውያን ታሪክም ምሳሌ አናጣም። በ1839 ዓ.ም. ዐድዋ የደረሱት ጣሊያናዊው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ በእኛ ዘንድ አቡነ ያዕቆብ፣ የአገሩን ቋንቋ ተምረው፣ እንደ አገሩ ሰው በድህነት ኖረው፣ ጎንደር ታስረው፣ ተሰድደው፣ በ1860 ዓ.ም. በጉዞ ላይ ሳሉ በበረሃ ዐረፉ። ደቀ መዝሙራቸው የጎጃሙ መነኩሴ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም በ1855 ዓ.ም. በእስር ሳሉ ዐርፈዋል። ሁለቱም የሠሩት ሥራ የት እንደሚደርስ ሳያዩ ሞተዋል። እኛም የምናስተምረው ልጅ፣ የምናስታምመው ወላጅ፣ የምንጸልይለት ወንድም ፍሬውን ሳናይ ልንሄድ እንችላለን፤ ይህን ፍሬ የማየት ፍላጎት ማስረከብም ከስጦታዎቹ አንዱ ነው።

የማታው ምርመራ

ከመተኛትዎ በፊት ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ደቂቃ ይያዙ። ቅዱስ ኢግናጢዮስ ያወረሰን የኅሊና ምርመራ በምስጋና ይጀምራል፤ ቅደም ተከተሉ ያለ ምክንያት አይደለም፣ ምስጋና ሳይቀድም ኃጢአትን መቁጠር ወደ ተስፋ መቁረጥ ይወስዳልና። በዕለቱ የተቀበሉትን ሁለት ወይም ሦስት ነገሮች በስም ጠርተው ያመስግኑ። ቀጥለው መንፈስ ቅዱስ ብርሃን እንዲሰጥዎ ይለምኑ፤ ራሳችንን በራሳችን ብርሃን ስናይ ወይ እናጋንናለን ወይ እንሸፋፍናለን። ከዚያ ከጠዋት ጀምሮ ቀኑን በእርጋታ ይከልሱ፤ ጠዋት በስም ያቀረቡት ነገር ምን ደረሰበት? መልሰው የነጠቁት በየትኛው ሰዓት ነበር? በመጨረሻ ይቅርታ ይለምኑና ለነገ አንድ ነገር ይወስኑ።

ጠዋት የሰጠነውን ቀትር ላይ መልሰን መውሰዳችን አያስደንቅም፤ ማታም እንደገና መስጠት ይቻላል። ተደጋግሞ የሚታይ ከባድ ነገር ካለ ግን በማታ ጸሎት ብቻ አይተዉት፤ ወደ ምስጢረ ንስሐ ይሂዱ፤ ከነፍስ አባትዎም ጋር ይነጋገሩበት። በተለይ በመንፈሳዊ ግለት ጊዜ ትልቅ ስእለት ወይም ከባድ ጾም ለመጀመር ካሰቡ ያለ ነፍስ አባት ምክር አይጀምሩ።

ይህን ሁሉ እያደረጉ እግዚአብሔር የራቀዎት መስሎ የሚሰማበት ጊዜ ይመጣል። ቅድስት ተሬዛ ዘካልካታ በ1942 ዓ.ም. ለኢየሱስ የሚጠይቃትን ምንም ነገር ላለመከልከል በግል ተሳለች፤ የድሆችን አገልግሎት ከጀመረች በኋላ ግን ለብዙ አሥርተ ዓመታት በውስጧ ጨለማና ባዶነት እንደ ነበረ ለነፍስ አባቶቿ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ያሳያሉ። በዚያ ጊዜ ሁሉ ጸሎቷንም ሥራዋንም አላቋረጠችም። በደረቅ ጊዜ የጸሎትዎን ሰዓት አያሳጥሩ፤ አዲስ ጸሎት ፍለጋም አይዙሩ። መቁጠሪያዎን ይዘው የለመዱትን ይቀጥሉ።

የመተው ጸሎት

በዚህ መንገድ ጥቂት የተጓዙ ብዙዎች የቅዱስ ሻርል ደ ፉኮን የመተው ጸሎት ያገኛሉ። ሻርል በ1858 ዓ.ም. በስትራስቡርግ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ እምነቱን አጥቶ፣ በ1886 ዓ.ም. በፓሪስ በኑዛዜ ወደ እግዚአብሔር ተመለሰ፤ በመጨረሻም በአልጄሪያ በረሃ በታማንራሴት ከቱዋሬግ ሕዝብ ጋር ሲኖር በ1916 ዓ.ም. ተገደለ፤ ቅድስናውም በ2022 ዓ.ም. ታውጇል። ጸሎቱ የተወሰደው ኢየሱስ በመስቀል ላይ «አባት ሆይ፣ ነፍሴን በእጅህ አደራ እሰጣለሁ» ባለው ቃል ላይ ካደረገው አስተንትኖ ነው። አብ የወደደውን ሁሉ እንዲያደርግ፣ ለሁሉም ዝግጁ እንደ ሆነ፣ ሁሉንም እንደሚቀበል ይናገራል።

ይህን ጸሎት ሲያነብቡ ከፈሩ ፍርሃቱን አይደብቁት። ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው በእውነት ሊሉት እስከሚችሉት ድረስ ይበሉና እዚያ ላይ ይቁሙ። ቀሪውን ገና ማለት ካልቻሉ፣ መሻቱ እንዲሰጥዎ ይለምኑ፤ ቅዱስ ኢግናጢዮስ ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ሊገቡ የሚመጡትን የክርስቶስን ውርደት ሊካፈሉ ይሹ እንደ ሆነ ሲጠይቅ፣ መሻቱ የሌላቸው ቢያንስ ሊሹት የመፈለግ ፍላጎት ይኖራቸው እንደ ሆነ እንዲጠየቁ አዝዟልና። የቆሙበትን መስመር በማስታወሻዎ ላይ ምልክት ያድርጉበት፤ በሚቀጥለው ሱባዔ ወይም ኑዛዜ ከነፍስ አባትዎ ጋር ከዚያው ይቀጥሉ።